ወዝና ቅባት

ጎፋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሙሴ፣ ላይፕዚግ

ልጄ፣ መጀመሪያ የጎረቤታችንን የብርነሽን ልንገርህ፤ እሷን ሳላነሣ ሌላ ወሬ ብጀምር ታኮርፈኛለች። ከነሐሴ ጀምሮ ሳል ይዟት ሰፈሩን እንቅልፍ ነሥታው ነበር። ባሏ ሂርጳ፣ ያ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ «የእኔ ኤንትሬ እንኳ በብርድ ጠዋት ሲነሣ እንዲህ አይልም» እያለ ሲስቅባት፣ እሷ ደግሞ በሳሏ መሐል «አንተም... ኤንትሬህም... ገደል ግቡ!» ስትለው መስማት ነበረብህ። አሁን በመርፌ ተሽሏታል። ልጇ አሰገደችም ሴት ልጅ ወልዳለች። ዓይኗ የአያቷ ነው፤ ጩኸቷም የአያቷ።

አንተስ እንዴት ነህ? ብርዱ ጀመረ ወይ? የእኔ ጉልበት ከደረጃ ጋር ከመጣላቱ በቀር ጤና ነኝ፤ ያለህበትን አገር ይባርክልህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጓደኛህ ዋቅቶላ ነው። አባቱን ቀብሮ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ በደረት ኪሴ ይዤው እሄዳለሁ ስላለኝ ዛሬ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። በፖስታ የምንጻጻፈው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ያንተ ደብዳቤ የሚመጣው በቀበሌው ሣጥን ነውና ሰላምታህን ከእኔ በፊት የሚቀበለው መኩሪያ ነው። የቀበሌው ቅስቀሳም እሱ፣ የውትድርና ምልመላውም እሱ፣ የሰው ደብዳቤ አንባቢም እሱ ሆኗል። ደግነቱ ፖስታውን መልሶ በሙጫ ያጣብቀዋል።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ቃል ልምጣ። መምህርትህ የምታዘጋጀው የአማርኛና የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ላይ «ወዛም» የሚለውን «ፊቱ ቅባት የበዛበት» ብለህ አስጻፍክ? ዋይ ልጄ! እኔ አሳድጌህ እንዲህ ትበል? ቅባትማ ከሱቅ ይገዛል። ቅባት ከላይ ነው፤ በነጠላህ ጫፍ ብትጠርገው ይለቃል። ወዝ ግን ከውስጥ የሚወጣ ነው፤ ቢጠርጉት አይለቅም፣ ያውም ይብስበታል። እናትህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አስታውስ። በልብስ ሳሙና ታጥባ ፀሐይ ላይ ስትቆም ፊቷ ያበራ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላት ነበር፤ ምንም አልተቀባችም። ወዛም ማለት እሷ ነች። «ጠይም ወዛም» ብለህ ጻፍ፤ አብረው ሲሆኑ ያምርባቸዋል። ለታመመ ሰው አይባልም፤ ላዘነም፣ ለራበውም አይባልም። የታመመውን «ወዙ ጠፋ» ወይም «ገረጣ» ትለዋለህ። ንግግርም ወዝ አለው ይባላል፤ የመኩሪያ ንግግር ግን የለውም፤ ይህን መዝገበ ቃላቱ ላይ አታስገባው።

«ወዛደር ከዚሁ ቃል ነው ወይ?» ብለሃል። ከዚሁ ነው፤ በወዙ የሚያድር ለማለት ነው። እኔም ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ወዛደር ነኝ፤ በየሰልፉ ስማችን ይጠራል። ማታ ቤቴ ገብቼ መስተዋት ሳይ ግን ወዜ የለም፤ እዚያው ከመኪናው ሥር ትቼው መጥቻለሁ። ስለዚህ ለመምህርትህ ወዛደር ማለት ወዝ የሌለው ሰው ነው በላት።

ሳቅህን ጨርስና ቀጣዩን አንብብ።

ዳኜ ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄደ ብዬ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። ልጄ ዳኜ የትም አልሄደም። እዚሁ ጓዳ ውስጥ ነው፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ጀርባ። ታላቁን ልጄን ትዛዙን ለውትድርና ከወሰዱብኝ ወዲህ ከሰሜን አንዲት ቃል አልመጣችም። አሁን ደግሞ የዳኜ ዕድሜ ደረሰና ስሙ ተጠራ። ሁለተኛውን አልሰጥም ብዬ ደበቅሁት። የሚያውቁት ብርነሽና ሂርጳ ብቻ ናቸው። ቀን ቀን ጫማ አያደርግም፤ ሲስቅ ትራስ ይነክሳል። የጅማ መንገድ እዚሁ በአቅራቢያችን ያልፋል፤ እውነትም ልላከው ብል ኬላ ላይ ወጣት የተባለ ሁሉ ከአውቶቡስ ይወርዳል። በውጪው ግድግዳ ላይ የምስማር ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በአንድ ዓይኑ ጀሞ በኩል ያለውን ተራራ ያያል። «እማዬ፣ ዛሬ ተራራው ላይ ዘነበ» ይለኛል፣ ሩቅ አገር ደርሶ እንደተመለሰ ሰው። ያ ወዛም ልጅ፣ ሴቶቹ «ምን አብልተሽው ነው?» የሚሉኝ፣ ገርጥቷል።

አደራህን፣ በፖስታ ስትጽፍ «ጅማ ያለው ዳኜ» በል። ሌላ አትጨምር።

ዘወትር የምታስብህ አክስትህ ገበያነሽ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ገበያነሽ፣ ጎፋ

እቴቴ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። እዚህ በረዶ ጥሏል፤ ዋቅቶላ በመጣ በማግሥቱ አንሸራትቶት መንገድ ላይ ተዘረረ፤ የወደቀበትን ቦታ አሁንም እየዞረ ይሰድበዋል።

ስለ ቃሉ የሰጡኝ ትምህርት እንዴት እንደጠቀመኝ! መምህርታችን «ቅባት ከላይ ነው፣ ወዝ ከውስጥ ነው» ያሉትን ስነግራት ከወንበሯ ተነሣች። የበፊቱን ሰርዛ የእርስዎን እንዳለ ጻፈችው። «እኚህ አክስትህ የት ነው የተማሩት?» አለችኝ፤ «ስፌት መኪና ላይ» አልኳት።

ከሁሉ የበለጠችው ግን ያቺ የመጨረሻዋ ናት። «ወዛደር ማለት ወዝ የሌለው ሰው ነው» ያሉትን ተርጉሜ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዋቅቶላማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አሁን ያገሬ ልጆች ስንገናኝ ሰላምታችን ሆናለች፤ አንዱ «ወዝህ አለ?» ሲል ሌላው «ወዛደር ነኝ» ይላል።

ጅማ ያለው ዳኜ እንዴት ነው? ቡና ለቀማው አጠቆረው ወይስ ያው እንደ ድሮው ወዛም ነው? ሰላም ይበሉልኝ።

ለእርስዎና ለእትዬ ብርነሽ በሰማያዊ ቆርቆሮ የፊት ቅባት ልኬያለሁ። ሽታው ደስ ይላል። ወዝ አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ ቅባት ነው፤ ግን ከልጅዎ ነው።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ ሙሴ


ጎፋ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙሴ

ጤናህ እንደምን ነው? እኛ በጣም ደኅና ነን። ደብዳቤህ ተከፍቶ ደረሰኝ። እኔ ደግሞ መነጽሬ ተሰብሮ ስለነበር ጓድ መኩሪያ ጮክ ብለው ስላነበቡልኝ ተመቸኝ። ይህንንም የምጽፈውን ደብዳቤ ራሳቸው ፖስታ ቤት አደርስልሻለሁ ብለውኛልና ለእሳቸው እሰጣለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!

ያነበቡልኝ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ኮሚቴው በሙሉ ተቀምጦ ነበር። ያቺ ቀልድህ ላይ ሲደርሱ አቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ወዛደር ማለት ወዝ የሌለው ሰው ነው። ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ውጭ አገር ድረስ ተልኮ የሚሳቅበት ምን ለማለት ብለሽ ነው?»

እግዜር አፌን ከፈተውና «ጓድ፣ ወዝ ከውስጥ የሚወጣ ነገር ነው» አልኩ። «ሌላው ሰው ወዙን ለራሱ ፊት ያስቀምጠዋል። ወዛደሩ ግን ለአገሩ ያፈሰዋል። አፍስሶ ከሰጠ ፊቱ ላይ በምን ይቀራል? የለውም ማለቴ፣ ሰጥቶታል ማለቴ ነው። ልጁ ሳይገባው ሳቀ።»

የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ትሩፋት ናት መጀመሪያ ያጨበጨበችው፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። ጓድ መኩሪያ ሳያጨበጭቡ ደብዳቤውን አጠፉና «እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከላይ ከሚላክልን ጽሑፍ ላይ እንኳ አላየሁም» አሉ። «ይህ እውቀት ተደብቆ መቅረት የለበትም። ከእንግዲህ የሴቶች የውይይት ክበብ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ ገበያነሽ ቤት ይሰበሰባል። ልጅሽ እንደሆነ ጅማ ነው፤ ብቻሽን ነሽ፤ ቤቱ ይበቃል።»

«ደስ ይለኛል፣ ጓድ» አልኩ።

እንዲህ ነው የሆነው። ቤቴ ሰው በሰው ሆኗል። ጓድ መኩሪያ ጀርባቸውን ኮምፔንሳቶው ላይ ደገፍ አድርገው ያነቡልናል፣ እኛ እናዳምጣለን። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ስለ ወዝ ለሴቶቹ አስረጂ ተብዬ ለአንተ የነገርኩህን ሁሉ ነገርኳቸው።

ዳኜም ከጅማ ሰላም ብሎሃል። እሑድ እሑድ ሥራ ይጠናበታል፤ መተንፈሻ እንኳ አያገኝም። ዝናብም አለ አሉ፤ ጉንፋን እንዳይይዘው ብቻ እጸልያለሁ። ብርነሽ የክበቡ አባል ሆናለች። ሳሏ ተመልሶባታል፣ ምስኪን።

ቅባቱ ደርሷል። አንደኛውን ቆርቆሮ ጓድ መኩሪያ ለባለቤታቸው ወደውት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሌላውን ለብርነሽ ሰጠሁ።

ሙሴ፣ ከእንግዲህ ቃል አትጠይቀኝ። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምን ያውቃል። የሚያስቅም ነገር አትጻፍልኝ፤ ዘንድሮ ጥርሴን ያመኛል።

ለልደት በዓል በሰላም ያድርስህ።

አክስትህ ገበያነሽ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ። መልሱን እየጀመርኩ እቀደው ነበር። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጤናዬ ደኅና ነው። መዝገበ ቃላቱን መርዳት ትቻለሁ። መምህርቷ ምን ሆነሃል ስትለኝ ትምህርት በዛብኝ አልኳት። ያችን ሰላምታም ትተናል፤ ዋቅቶላ አሁን እጅ ብቻ ነው የሚነሣው።

ስለ ጅማው ዝናብ ሁልጊዜ አስባለሁ። ወፍራም ሹራብ ብልክ ይደርሳል ወይ? የእርስዎ ጉልበት ታማሚ ስለሆነ ክበቡ ሰፊ ቤት ወዳላቸው ሰዎች ሊዛወር አይችል ይሆን? ጓድ መኩሪያን ስለ ደግነታቸው ያመስግኑልኝ። ባለቤታቸው ቅባቱን ከወደዱት ሌላም መላክ እችላለሁ። የሚወዱትን ብቻ ይንገሩኝ።

እትዬ ብርነሽን እግዜር ይማራት።

ልጅዎ ሙሴ


ጎፋ፣ መጋቢት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙሴ

ይህችን ደብዳቤ የምታመጣልህ ተናኘ ትባላለች፤ ነርስ ናት፣ ወዳንተ አገር ለሥልጠና ትመጣለች። የሂርጳ የእኅት ልጅ ስለሆነች አምኛታለሁ። ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ራሴ ሰፍቼላታለሁ፤ ስትፈታው መቀስ እንዳይቆርጠው።

አንተን አልተቀየምኩም፤ ይህን በመጀመሪያ እወቅ። እኔ ነኝ የቀለድኩት፣ አንተ አስተጋባህ። ሹራቡን አትላክ፤ ዳኜ ጅማ ነው እየተባለ በእሱ ልክ ሹራብ ሲመጣ መኩሪያ ምን ይላል?

የብርነሽ ሳል ተመለሰ ያልኩህ ውሸት ነው። ብርነሽ ከመስከረም ወዲህ ጤነኛ ናት። የመጀመሪያው እሑድ ሊደርስ ሲል ጓዳ ገብታ ዳኜን «ስማ፣ አንተ፣ ሳልህ ሲመጣብህ አትታገለው። አንዴ ሳል፣ የቀረውን ለእኔ ተወው» አለችው። እሱ ሳቀና ትራሱን ነከሰ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር በኮምፔንሳቶው ሥር ትቀመጥና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትስላለች። ሴቶቹ ለምደውታል። ጓድ ትሩፋት ዝንጅብል እንኳ አምጥታላታለች።

ያለፈው እሑድ ግን ዳኜን ጉንፋን ይዞት ነበር። መኩሪያ እያነበበ ሳለ ከኋላው ሳል መጣ። አንድ ብቻ ነው፤ ግን የወንድ ሳል ነው፣ ደረቅ። ብርነሽ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀበለችው፤ ያንን ያህል ስትስል በእውነተኛው ሕመሟ ጊዜም አልሰማሁም። መኩሪያ ማንበቡን አቆመ። መጽሔቱን አጠፈ። «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ ሴቶቹን አሰናበተ። እኔና ብርነሽ ቀረን፤ እሱም አልወጣም።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ ይሄ ሳል እስካሁን አልለቀቀሽም?»

«ምን ይለቀኛል፣ ጓድ! አብሮኝ ይቀበራል።»

«እንጃ» አለና ጠጋ ብሎ አያት። «ይህን ሁሉ ወር ለታመመ ሰው፣ ያውም በጾም፣ ፊትሽ ወዛም ነው።»

ልጄ፣ ያቺን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «ለታመመ ሰው አይባልም ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ብርነሽ ቀደመችኝ። «ኧረ ጓድ፣ ይሄማ ቅባት ነው! ያ የሙሴ ቅባት፣ የጀርመኑ! እንዲያው ሰው ገረጣች እንዳይለኝ ብዬ ነው የምለቀለቀው።»

መኩሪያ ነጭ መሐረብ ከኪሱ አወጣ። «እስኪ ጥረጊው» አላት።

ተቀብላው ጠረገች። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ጠረገች፣ ደገመች። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበር። እናትህን አስታወሰችኝ፤ በጠረገችው ቁጥር ባሰበት። ወይ አለመታደል! ቆርቆሮውን ለካ ክዳኑን እንኳ ሳትከፍት ለአሰገደች አስቀምጣላታለች።

መሐረቡን ተቀበላትና አሸተተው። «ባለቤቴ ያንኑ ነው የምትቀባው» አለ። «ሽታውን አውቀዋለሁ። ይሄ ምንም አይሸትም።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ኮምፔንሳቶውን ከላይ እስከ ታች አየው። የጓዳውን በር ግን አልከፈተም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ወዝ ከውስጥ የሚወጣ ነገር ነው ብለሽኛል፣ ወይዘሮ ገበያነሽ። እንግዲህ ከውስጥ ያለው በራሱ እስኪወጣ እንጠብቃለን። እሑድ በሰዓቱ እመጣለሁ።» ባርኔጣውን አደረገና ሄደ።

ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። እያወቀ ሊተወን ነው እንዳልል ዓይኑ አልራራም። ሊወስደው ነው እንዳልል በሩ አንድ እርምጃ ነበር። ጉቦ ፈልጎ ነው እንዳልል ሌላ ቅባት አልጠየቀኝም። ሂርጳ ደግሞ «በመኪናዬ ላውጣው» ብሎ መንገዱን ሊያይ ወጥቶ ሲመለስ፣ ከላፍቶ በላይ አዲስ ፍተሻ ቆሟል አለኝ።

ዳኜ ከውስጥ «እማዬ፣ ልውጣላቸው። በእኔ የተነሣ እትዬ ብርነሽንም እንዳይወስዷት» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ወፍሯል፣ የአባቱን መስሏል። «ዝም በል» አልኩት።

ብርነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከበሩ ስትደርስ ጎረቤት እንዲሰማት አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል አደረገችና ዞረች። «ሳሉን ተይው ለእኔ፤ እስከ ፋሲካም፣ ከፋሲካም ወዲያ እስላለሁ» አለችኝ። «አንቺ ብቻ፣ ገበያነሽ፣ ፊቴን ምን እንደማደርገው ንገሪኝ።»